ድመትህ ወለደ

ድመቴ መጀመሪያ የነከሰኝ የዘጠነኛ ክፍልን የፈተና ድርሰት ከአልጋ ስር ልስብ ጎንበስ ባልኩበት ከሰዓት በኋላ ነው። ሰኔ ነበር፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ የራሴን ሐሳብ እንኳ መስማት አቅቶኛል። እጄን ወደ ውስጥ ስሰድ አንድ ነገር ክንዴ ላይ ተጠመጠመ። ደንግጬ ወደ ኋላ ስወድቅ ሻምበል ጆሮውን ለጥፎ፣ ጥርሱን አግጦ ወጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጭኔ ላይ ያንቀላፋ ፍጡር እንደ ሌባ አየኝ። ምን አደረግኩህ አልኩት። መልሱ እግሬ ላይ ደረሰ።

ሻምበል ስሙ ሳይሆን ማዕረጉ ነው። ቀይ ነው፣ ጭንቅላቱ ትልቅ ነው፣ ሲራመድ የሰፈሩን ጥበቃ የሚጎበኝ ይመስላል። ከገበያ ያመጣሁት ለአይጥ ነበር። የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ የተማሪዎቼን ድርሰት ከእኔ ይበልጥ በጉጉት የሚጠብቁት አይጦቹ ናቸው። ድመቱን የሰጠችኝ ሴትዮ ወንድ ነው፣ እየወለደ አያስቸግርሽም ብላ ስለማለችልኝ አመንኳት። ጭራ አንስቶ ማረጋገጥ ደግሞ ነውር መሰለኝ። ብቻዬን ስለምኖር ከሥራ ስመለስ በር ላይ የሚጠብቀኝ እሱ ብቻ ነበር፤ ስለ ርዕሰ መምህሩም ሆነ ስለ ኑሮ የማወራው ለእሱ ነው። ስለዚህ የጎዳኝ ጥርሱ ብቻ አይደለም። በጣም ነው የከፋኝ።

እዚህ ላይ አከራዬን ማስተዋወቅ አለብኝ። በእድሜ የገፉ፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ እኔ አባባ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው አስተማሪ ይሉኛል። የአፍ መፍቻቸው በርታኛ ነው። አማርኛውን የለመዱት ገበያ ላይ ሲሆን፣ በእሳቸው አማርኛ ውስጥ ሴት የምትባል ፍጥረት የለችም። ሚስታቸው ገበያ ሄደ፤ ልጃቸው አግብቶ ወደ ካማሺ ሄደ፤ ላማቸው ታለበ። እኔም ቀሚስ ለብሼ ፊታቸው ቆሜ አንተ ነኝ።

ማረም ደግሞ በሽታዬ ነው። ወላጆቼ ከወሎ መጥተው ባምባሲ አጠገብ የሰፈሩ ገበሬዎች ናቸው። ኮሌጅ ስገባ በአነጋገሬ ያልሳቀ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ የሳቁብኝን ሁሉ የምበቀለው ሌላ ሰው በማረም ነው። ባጃጅ ነጂ አርማለሁ፣ የለቅሶ ቤት ንግግር አርማለሁ፣ አንድ ጊዜ የሰርግ መጥሪያ ላይ ቀይ እስክሪብቶ አሳርፌ ሙሽሮቹ ተቀይመውኛል። በግንቦት አንድ ጠዋት ደግሞ ተራው የአከራዬ ሆነ። የቀርከሃ አጥራቸውን እየጠገኑ፣ ሻምበል ማንጎው ስር ተዘርግቶ ሲያዩት፣

«አስተማሪ፣ ድመትህ ከበደች» አሉኝ።

ቆም ብዬ አስረዳኋቸው። ድመቱ ወንድ ስለሆነ ከበደች አይባልም፤ ከበደ ደግሞ ለዕቃ ነው፣ ለእንስሳ ወፈረ ይባላል አልኳቸው። ድመቱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ እንደገና ድመቱን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው «ወፈረ» አሉ። ጎበዝ አባባ ብዬ ቦርሳዬን አንግቤ ሄድኩ። ያን ቀን ትምህርት ቤት የገባሁት አንድ ሰው አስተምሬ እንደመጣሁ ሁሉ ደስ ብሎኝ ነው።

ወደ ሰኔው ጦርነት ልመለስ። ከመጀመሪያው ንክሻ በኋላ ቤቴ የእኔ መሆኑ ቀረ። ሻምበል አልጋው ስር መሽጎ እግር ያየ እንደሆነ ይወረወራል። ከበር እስከ አልጋ መሬት ሳልነካ የምደርስበትን መንገድ አጠናሁ፤ ከበርጩማ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ ሳጥን፣ ከሳጥን ወደ አልጋ። አልጋው ላይ ከወጣሁ አይነካኝም፤ እግሬን ካወረድኩ ግን ወዮልኝ። ጫማዬን በመጥረጊያ እየሳብኩ ነው ሥራ የምገባው። ይባስ ብሎ ዝናቡ ጋብ ሲል ከአልጋው ስር ሲጥ ሲጥ የሚል ድምፅ መሰማት ጀመረ። አይጥ መሆኑ ገባኝ። ለአይጥ ብዬ ያመጣሁት ድመት አይጡን አጠገቡ አስቀምጦ እኔን መንከሱ እንደ እሳት አቃጠለኝ። በበርጩማው ላይ ቆሜ ስለ ሥራ ግዴታ ረጅም ተግሣጽ ሰጠሁት። እሱ ያጉረመርማል። ርዕሰ መምህሩ ደግሞ ውጤት አስገቢ እያሉ በየቀኑ ይደውላሉ፤ ወረቀቶቹን ድመት አገተብኝ እንዴት ይባላል?

በዚሁ ሳምንት አከራዬ በረንዳዬ ላይ ቆሙ። ከግንቦት ወዲህ ከሰላምታ ውጭ ብዙም አውርተን አናውቅም ነበር፤ ዝናቡ ነው ቤት ያዋላቸው ብዬ ነበር የገመትኩት። ሆን ብለው የመጡ መሆናቸው ያስታውቅ ነበር። ቃሉን አፋቸው ውስጥ አዘገጃጅተው፣

«ድመትህ ወለደ» አሉ።

ሳቅኩ። ለካ ሻምበል የሰፈሩን ሴት ድመት ሁሉ ሲያሳስት ከርሞ ልጆች አፍርቷል። ጠባዩ የተበላሸው ለዚህ ነው፤ አባት ሆኖ ልቡ አብጧል። ስንት ወለደ አልኳቸው። በድምፅ ሦስት ወይም አራት ይመስለኛል አሉ። በድምፅ መቁጠራቸውን ልብ አላልኩም። እኔ ልብ ያልኩት ሰዋስዋቸውን ነው፤ ወለደ፣ ሦስተኛ መደብ፣ ተባዕት፣ እንከን የለውም። አመስግኜ ሸኘኋቸው።

ማግስቱን ሻምበል ቁርጭምጭሚቴን እስከ አጥንቱ ነከሰኝ። ጤና ጣቢያ ነርሱ ቁስሉን በሳሙና አጥቦ መርፌ ካስጀመረኝ በኋላ ድመቱን ለአሥር ቀን ተከታተዪው፣ ከታመመ ወይም ከሞተ ቶሎ ነይ አለኝ። እያነከስኩ ትምህርት ቤት ስገባ የባዮሎጂ አስተማሪው ጉዳዩን ተቀበለኝ። ይህ ባልደረባዬ የማያውቀው ነገር የለም። ወንድ ድመት ሲጎለምስ ቤቱን የራሱ ግዛት ያደርጋል፣ ከሁለት አንዳችሁ መውጣት አለባችሁ አለ። አጎቱ ባምባሲ ውስጥ ወፍጮ ቤት አላቸው፤ አይጥ እንደ ጉድ ነው፤ ቅዳሜ በጆንያ ወስዶ ያስረክባቸዋል፣ እሳቸውም አስረው አሥሩን ቀን ይከታተሉታል። ብቻዋን የምትኖር ሴት ይህን ይዛ ማደር የለባትም ሲለኝ እሺ አልኩ። እሺ ብዬ ግን ዓርብ ከሰዓት መማሪያ ክፍል ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ አለቀስኩ። ሰው ቢያየኝ ለድመት ነው ብዬ ለመናገር አፍር ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ባልደረባዬ የሞተር ሳይክል ጓንት አጥልቆ ጆንያ ይዞ መጣ። ሻምበል ለምግቡ ብቅ ሲል ማጅራቱን ያዘው። የሆነውን ሁሉ መተረክ አያስፈልግም፤ ጓንቱ ተቀደደ፣ ወንበሬ ተሰበረ፣ ስለ ሳይንስ የነበረኝ አክብሮትም ቀነሰ። በመጨረሻ ጆንያው ታሰረ። ከውስጡ የሚወጣው ድምፅ ቁጣ መሆኑ ቀርቶ ሌላ ነገር ሆነ። ይለምን ነበር። ጆሮዬን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ባልደረባዬ ጆንያውን ሞተሩ ላይ ሊጭን ወደ በሩ ሲሄድ አከራዬ መንገዱ ላይ ቆመው አገኛቸው።

ወዴት ነው አሉ። ባምባሲ አልኳቸው። ጆንያውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ፤ እንደዚያ ዓይነት አስተያየት ከእሳቸው አይቼ አላውቅም። ጨካኝ ሰው ሲያዩ እንደሚያዩት ነው።

«ልጆቹንስ» አሉ፣ «ማን ያጠባል?»

ባልደረባዬ ሳቀ። እኔ ግን አልሳቅኩም። አባት አያጠባም። ይህን ለማወቅ የባዮሎጂ አስተማሪ መሆን አያስፈልግም። ጆንያውን ከእጁ ነጠቅኩት፤ ገመዱን በጥርሴ ነው የፈታሁት። እንስሳው እንደ ጥይት ወጥቶ በእግሮቼ መሃል ወደ ቤት ገባ። ሦስታችንም ተከትለን አልጋውን ከግድግዳው ሳብነው። የዘጠነኛ ክፍል ድርሰቶች ላይ ዓይናቸው ያልተገለጠ አራት የድመት ግልገሎች ተቆላልፈው ተኝተዋል። እናታቸው ከላያቸው ተዘርግታ እኛን እያየች ትንቀጠቀጣለች። ባልደረባዬ ጓንቱን አውልቆ ትንሽ አሰበና እንዲህ ያለ ነገር አልፎ አልፎ ያጋጥማል አለ።

አከራዬ የሚተኙት ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ነው። ጭቃው ቀጭን በመሆኑ ልጆቹ ከተወለዱበት ቀን ጀምሮ ሲሰሟቸው ከርመዋል። ባልደረባዬ ከሄደ በኋላ ለምን በግልጽ እንዳልነገሩኝ ጠየቅኳቸው።

«ነገርኩህ» አሉ። «ከበደች አልኩ፣ አረምክ። እንዳረምከው ወለደ አልኩ፣ ሳቅክ።»

ሚስታቸውን ሄደ፣ ልጃቸውን አገባ፣ ላማቸውን ታለበ የሚሉ ሰው በሕይወታቸው አንዲት ፍጥረት በሴት ጾታ ጠርተው ነበር፤ ያቺንም እኔ አስጣልኳቸው። አንዲት እናት በጆንያ ታስራ ልትሄድ፣ አራት ሕፃናት ተማሪዎቼ «ክረምት» በሚል ርዕስ በጻፉት ድርሰት ላይ በረሃብ ሊያልቁ ነበር። አፈርኩ። ይቅርታ አባባ አልኳቸው፤ እሳቸው ግን ምንም እንዳልሆነ በእጃቸው ምልክት ሰጥተው ሊወጡ ዞሩ። በሩ ላይ ሲደርሱ አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ ከግንቦት ወዲህ እኮ ዝናብ የማይዘንብባቸው ቀናትም ነበሩ።

ሌላስ ያልነገሩኝ ነገር አለ ወይ አልኳቸው።

የበሩ ደፍ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ፣ ጫማቸውን አውልቀው ጎናቸው አኖሩ።

«ብዙ» አሉ። «አንተን ፈራሁ፣ ተውኩ። ጊዜ አለህ?»

አለኝ ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።