ጀማል ያልጨረሰው የሳነቴ ዳገት

ጀማል ሞተ ሲሉኝ «የትኛው ጀማል?» አልኩ። ሮቤ ውስጥ ጀማል ብዙ ነው። የደወለልኝ ሰው «ያንተው ጀማል» ሲለኝ የትኛው እንደሆነ ገባኝ።

ዛሬ ጠዋት ነው። ልቡ ነው አሉ። ከሰዓት ቀበርነው።

ለማታውቁት፣ ጀማል የመኪና መለዋወጫ ይሸጥ ነበር። ለማስተማር ተመድቤ ሮቤ ስመጣ መጀመሪያ የተዋወቅኩት ሰው ነው። ብስክሌት ይወዳል። ጎባ መንገድ ላይ የጭነት መኪና ገጭቶ እግሩን ከሰበረው በኋላ ግን ሚስቱ ዘይነባ ሁለተኛ በብስክሌት አስፋልት ላይ እንዳይወጣ አስማለችው።

የአክስቱ ልጅ ከውጭ አንድ ብረት አመጣለት። የብስክሌቱን የኋላ ጎማ ይይዛል። ፔዳሉን ስትረግጥ ፊትህ ያለው ላፕቶፕ ላይ መንገዱ ይሄዳል፤ ዳገት ሲመጣ ብረቱ ይከብዳል። የሱቁ ጓዳ ውስጥ ተከለው። መጀመሪያ በኢንተርኔት የፈረንጅ አገር መንገድ ይነዳ ነበር። ኢንተርኔት ሲዘጋ መንገዱም ተዘጋ።

«የራሳችንን እንቅረጽ» አለኝ።

እሱ ሞተር እየነዳ፣ እኔ ከኋላው ሆኜ በስልክ እየቀረጽኩ ከሮቤ ተነሳን። ጎባን አልፈን የሳነቴን ዳገት እንደጀመርን ጉም ወረደ። ጀማል ሞተሩን አቁሞ መንገዱን ለማየት ወደፊት ሄደ። ኩርባው ላይ ዞሮ እጁን አነሳ።

«በቃ! ስልኩ ይበሰብሳል!»

ቀረጻው እዚያ ላይ አለቀ። ቀሪውን ሌላ ቀን እቀርጽልሃለሁ አልኩት።

አንድ ቀን ጓዳው ስገባ በላብ ርሶ ይነዳል። ምስሉ ላይ ጎባ መውጫ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጀማል እጁን ከመሪው አንስቶ «አካም ኦልታን ሐጂ!» አላቸው።

ሳቅሁበት። «ቪዲዮ እኮ ነው!»

«እሳቸውማ አምና ሞተዋል» አለ፣ መርገጡን ሳያቆም። «ታዲያ ዘግቻቸው ልለፍ? በእኛ ደንብ ቀድሞ ሰላም የሚለው የሚነዳው ነው።»

ኩርባው ላይ ሲደርስ ምስሉ ላይ ላለው ለራሱም እጁን አነሳ። «ሰላም ነው ጀማል?»

«ራስህንም?»

«ራሴን ከዘጋሁ ማን ሊቀርበኝ ነው?»

ምስሉ እዚያ ላይ ቆሞ ይቀራል። እሱ ግን መርገጡን አይተውም። «ገና ነው ወንድሜ» ይላል፣ «ዳገቱ ገና ነው።»

ቀሪውን እንድንቀርጽ በየሳምንቱ ይጠይቀኝ ነበር። ፈተና እያረምኩ ነው፣ ዝናቡ ይቁም፣ እለዋለሁ። ባለፈው ጁምዓ «ሰማዩ ጠርቷል፣ እንውጣ» አለኝ። እውነትም ጠርቶ ነበር። «ለሚቀጥለው» አልኩት።

ከቀብር ስንመለስ ዘይነባ ጓዳውን ከፈተችልኝ።

«እዚህ ላይ ነው ደከመኝ ብሎ የወረደው» አለች።

ላፕቶፑን የዘጋው ሰው የለም። ጀማል ጉሙ ውስጥ እጁን እንዳነሳ ቆሟል።

ጀማል፣ ቀሪውን አሁን ብቀርጸው የሚነዳው የለም። ወደ ደሎ መና በሄድኩ ቁጥር ግን አውቶቡሱ ያቺን ኩርባ ያልፋል። መንገደኛው እኔ፣ የቆምከው አንተ። ቀድሞ ሰላም ማለት የእኔ ድርሻ ነው።

አሰላሙ አለይኩም ጀማል። አሁን እጅህን አውርድ።