የሚስ ዶሪስ የመኪና ሙዚቃ

ባለፈው እሑድ እዚህ ቴክሳስ፣ ሳክሲ የምትባል ከተማ ለምርቃት ድግስ ተጠርቼ ነበር። መኪናዬን ራቅ አድርጌ አቁሜ ወደ ቤቱ ሳዘግም፣ ደጃፉ ላይ በቆሙ መኪኖች ውስጥ ስልካቸውን ሲነካኩ የነበሩ፣ እዚሁ አሜሪካ ያደጉ የሐበሻ ወጣቶች ሽበቴን አዩና ወርደው ቆሙልኝ። በሮቹ ተራ በተራ ድው፣ ድው፣ ድው አሉ። እኔም መንገዱ መሀል ቀጥ አልኩ።

«አንክል፣ ኦኬ ነህ?» አለኝ አንዱ። አንቱታው ባይሳካለትም መነሳቱ በቂ ነበር።

ደህና ነበርኩ። ሚስ ዶሪስ ትዝ ብለውኝ ነው።

የእኛ ሚሊኒየም በተከበረ በዓመቱ፣ በዲቪ መጥቼ ኤርፖርት ታክሲ እነዳ ነበር። ታክሲ ተራው ላይ አብዛኞቻችን ሐበሾች ነን፤ ተራችን እስኪደርስ ቆሎ እየቆረጠምን ስለ አገር ቤት ፖለቲካ እንጨቃጨቃለን። ሚስ ዶሪስ ደግሞ ቤድፎርድ የሚኖሩ ቀጭን አሜሪካዊት አሮጊት ነበሩ፤ ፎርት ዎርዝ ጆሮ ሐኪም ጋ የማመላልሳቸው ደንበኛዬ።

አንድ ቀን ቀይ መብራት ላይ ቆመን ሳለ፣ «እስቲ ክላክስህን አንዴ ንካልኝ» አሉኝ። የቸኮሉ መስሎኝ ነካሁ። ከፊታችን ያለው ሰውዬ እጁን በመስኮት አውጥቶ የማይነገር ምልክት አሳየኝ። እሳቸው ግን ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «ወፈር ያለ ነው፤ ጥሩ» አሉ።

የሙዚቃ ደራሲ ነበሩ። ሙዚቃቸው ግን እኔ የማውቀው ዓይነት አይደለም፤ ለፍሪጅ፣ ለውሃ ቧንቧ፣ ለሊፍት በር ነበር የሚደርሱት። በወጣትነታቸው ኒውዮርክ ሲያቀርቡ ተመልካቹ እየሳቀ ከመሀል ይወጣባቸው ነበር አሉ። ለኑሯቸው ሕፃናትን ፒያኖ እያስተማሩ መድረሳቸውን ግን አልተዉም። እውነቱን ለመናገር እኔም በሆዴ ስቄያለሁ። በኋላ ግን፣ ሰው ዕድሜ ልኩን እየተሳቀበት የማይተወው ነገር ምን ቢሆን ነው የሚለው ያጓጓኝ ጀመር።

ከሥራዎቻቸው አንዱ ለመኪና ክላክስ የተደረሰ ነበር። መኪናውን ይዞ የሚተባበር ሰው ጠፍቶ አንድም ቀን ተሰምቶ አያውቅም። ሐኪሙ ደግሞ ጆሯቸው ከወር ወር እየደከመ መሆኑን ነግሯቸዋል። «ሳልደነቁር አንድ ጊዜ ብቻ ልስማው» አሉኝ። ያን ዕለት ከጓሯቸው ዛፍ የለቀሙትን ፒካን የሚሉትን ለውዝ መሳይ ፍሬ በወረቀት ከረጢት ሞልተው ሰጡኝ።

ፒካኑን ከቆሎው ጋር ቀላቅዬ ለታክሲ ተራው ሰዎች እያዞርኩ ነገሩን አወጣሁት። ሳቁ ሰማይ ነካ።

«ማለቴ፣ ክላክስ እያደረግን የፖሊስ ቲኬት ልንበላ ነው?» አለ አንዱ።

የተራችን አንጋፋ ጋሼ በላቸው ግን አልሳቁም። «ሶ፣ ሴትዮዋ የሚፈልጉት ክላክስ ብቻ ነው? ይኼማ ምን አላት! ቅዳሜ ጠዋት ማንም እንዳይቀር» አሉ።

ጥቅምት ነበር፤ ያ የቴክሳስ ሙቀት በርዶ አየሩ ለሰው ተመችቷል። ሚስ ዶሪስ አስፈቅደው ባገኙት የአንድ ዝግ ሱቅ ፓርኪንግ ላይ ታክሲዎቻችንን በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት አቆምን። እህታቸውና ጥቂት ጎረቤቶች ተጣጣፊ ወንበር ይዘው መጡ። ሕጉ ቀላል ነው፤ ቀይ ሻርፓቸውን ወደ አንተ ሲያነሱ ክላክስህን ትጫናለህ፣ ሲያወርዱ ትለቃለህ። መጨረሻ ላይ ሻርፑን አንገታቸው ላይ ሲጠመጥሙ ግን ማንም ንቅንቅ አይልም። ዝምታውም የሙዚቃው አካል ነው ብለው አጥብቀው ነግረውናል።

መጀመሪያ ላይ የመርካቶ ግርግር መስሎኝ ነበር። ቀስ በቀስ ግን ድምፅ በድምፅ ላይ ተደረበ፤ ጋሼ በላቸው ረጅሙን ሲለቁት ሌላው በአጭሩ ይመልስላቸው ጀመር። ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። ከዚያ ሻርፑ ተጠመጠመ፤ ሁሉም ጸጥ አለ።

ሚስ ዶሪስ ያልነገሩን፣ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ምርኩዛቸውን ይዘው በረድፎቹ መሀል እንደሚያልፉ ነው። ጋሼ በላቸው ፊት ሲደርሱ በሩ ተከፈተ። ጋሼ ወረዱ፣ በሩን ድው አድርገው ዘጉ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ቀጥሎ ያለውም ወረደ። ድው። እንዲሁ እያለ ባለፉበት ሁሉ ቀጠለ። ጉድ ፈላ አልኩ፤ ሴትዮዋ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁትን ሥራ አበላሸንባቸው። እኔ ፊት ሲደርሱ ግን አላስቻለኝም፤ ወረድኩ።

ረድፉን ጨርሰው ሲዞሩ፣ ጋሼ በላቸውን «ምነው ጋሼ፣ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ ተብለን!» አልኳቸው።

«እናቴን የሚያህሉ ሴት በእግራቸው እያለፉ እኔ ቁጭ ልበል? ሼም ነው እኮ!» አሉ።

ይህንኑ ለሚስ ዶሪስ ተረጎምኩላቸው። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። «ክላክሱን ግማሹን አልሰማሁትም፤ ዘግይቻለሁ» አሉ። ከዚያ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። «በሮቹን ግን እዚህ ሰማኋቸው። እስከ ዛሬ በሙዚቃዬ መሀል ሰው ከመቀመጫው የሚነሳው ጥሎኝ ሊሄድ ነበር። እንዲሁ ይሁን፤ አሁን ሥራዬ አለቀ።»

ሚስ ዶሪስ ካረፉ ቆይተዋል። ጋሼ በላቸውም ማኪኒ ከተማ የሚኖር ልጃቸው ቤት ሄደው ታክሲውን ተዉት። እኔ ይህን አገር አገሬ ያልኩት ያን ቅዳሜ ይመስለኛል፤ ከቤታችን ይዘነው የመጣነው ነገር ለሰው ሲጠቅም ያየሁት ያኔ ነውና። ሁለቱንም አመሰግናቸዋለሁ።

ሳክሲ ላይ ልጁ አሁንም መልስ እየጠበቀ ነበር።

«ደህና ነኝ የኔ ልጅ። እስቲ በሮቹን ክፈቱና እንደገና ዝጉልኝ።»

እርስ በርስ ተያዩ። «ላይክ፣ ሁላችንም?»

«ሁላችሁም፤ ግን ተራ በተራ።»

ዘጉልኝ። እኔም መዳፌን ደረቴ ላይ አድርጌ ሰማሁ።