አባትየው ዞሮ አየ?

ከክፍል ነው የወሰዱኝ፤ ጠመኔው እጄ ላይ እንዳለ። ምርጫው ካለፈ ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር። አምስት አስተማሪዎች ታሰርን፤ ጥፋታችን "ድምፃችን ይቆጠርልን" የምትል አንዲት ገጽ ወረቀት ናት። የጻፍኳት እኔ ነኝ፤ ይህን ከአምስታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ገና የመጀመሪያው ቀን "አንድ ስም ስጡን፣ ሌሎቻችሁ ትወጣላችሁ" አሉንና ለየብቻ በተኑን።

እኔን ያስገቡኝ ከጂንካ የድሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ብዙ ከማትርቅ ጠባብ ክፍል ነው። በሩ ሲዘጋብኝ መጀመሪያ ያየሁት ሰው ሳይሆን ቂጣ ነው። ጥጉ ጋ፣ ሲሚንቶው ላይ የተቀመጠች ቁራሽ የበቆሎ ቂጣ። ላነሳት ጎንበስ ስል "ተው፣ የሰው ነው" የሚል ድምፅ ከጨለማው መጣ።

ሽማግሌ ናቸው። ከኦሞ ወንዝ አፋፍ ካለ መንደር የመጡ፣ አማርኛን ገበያ ላይ የለመዱ። ከእሳቸው በቀር ክፍሉ ውስጥ ማንም የለም።

"የማን ነው አባባ?"

"የልጅ" አሉ።

ባለቤቴ ጠዋት ጠዋት ቅቅል ጎደሬ ወይም ቂጣ ትልካለች። ለሽማግሌው ፖሊሶቹ ከሚሰጧቸው ቂጣ ሌላ ስንቅ የሚያመጣ ዘመድ ስለሌለ አብረን እንበላለን። እሳቸው ግን ከመብላታቸው በፊት ቆርሰው ጥጉ ጋ ያስቀምጣሉ። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፤ እሁድ እሁድ ልጆች አስተምራለሁ። "ወይ ጉድ፣ ከጣዖት ጋር ነው የታሰርኩት" ብዬ በሆዴ ሳቅሁ። በሦስተኛው ቀን ግን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ቁራሿን ርሳ አገኘኋት። አጠገቧ ሲሚንቶው ላይ የእጄን መዳፍ የማታህል እርጥብ ቦታ አለች። ዝናብ ከጠፋ ወር አልፎታል፤ የውሃ ጄሪካናችን ያለው በሩ ጋ ነው። ጣሪያውን አየሁ፤ ጄሪካኑን አየሁ።

ሽማግሌው የነገሩኝ ያን ቀን ነው። ወጣት ሳሉ ወንድ ልጅ ወለዱ፤ የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ በቀለ። እንዲህ ያለውን ልጅ በእነሱ ዘንድ ሚንጊ ይሉታል። ከቆየ ዝናብ ይጠፋል፣ ከብት ያልቃል፣ ሰው ይሞታል ይባል ነበር። ስለዚህ ለወንዙ ይሰጣል። ይዘውት የሄዱት አባትየው ራሳቸው ናቸው። አሁን የታሰሩት ግን በዚያ አይደለም፤ የጎረቤት ሕፃን እንዲሁ ሊወስዱ የመጡ ጎረምሶችን በዱላ መትተው ነው።

"'ሂድ፣ ስጥ፣ ዞረህ አትይ' አሉኝ ሽማግሎቹ" አሉ። "እኔ ዞርኩ። አየሁት። እሱም አየኝ። ከዚያ ወዲህ አብሮኝ ነው።"

ባለቤቴ "አፍህ ለከት የለውም" የምትለኝ እውነቷን ነው። ዝም ማለት ሲገባኝ ስብከት ጀመርኩ። አምላክ ይወድዎታል አልኳቸው።

"በምን አወቅህ?"

"ሰው ሁሉ እንዲድን አንድ ልጁን ሰጠ።"

ይህን ለስንት ልጅ አስተምሬያለሁ፤ አንዱም እንደሳቸው አልሰማኝም። ቀስ ብለው ቀና አሉ።

"ሰው እንዲድን? ልጁ አጥፍቶ ነበር?"

"ምንም አላጠፋም።"

"የኔም አላጠፋም። ጥርስ ነው ያበቀለው። ልጁ ጮኸ?"

"ጮኸ። ለምን ተውከኝ አለ።"

"አባትየው ዞሮ አየ?"

እዚህ ላይ መዋሸት ነበረብኝ። አልዋሸሁም፤ የተማርኩትን መለስኩ። "ፊቱን ሰወረ ነው የሚሉን።"

ጥጉን አዩ። "እኔ እንኳ አይቻለሁ" አሉ። "ራሱ ለምን አልሄደም?"

"ልጁም እሱ ራሱ ነው እኮ አባባ። አንድ ናቸው።"

"እንግዲያ ሰጠ አትበል። ሄደ በል።"

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ተናደድኩ፤ በሳቸው ግን አይደለም። ከሜዳው ኳስ የሚጫወቱ ልጆች ጩኸት ይሰማ ነበር። አንዱ ድምፅ ግን ከውጭ የሚመጣ አይመስልም፤ ከጥጉ ነው።

ከሰዓት በኋላ ተጠራሁ። መርማሪው እኔ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ።

"ቲቸር፣ አንተን እዚህ ማየት አልፈልግም። የጻፈው የሒሳብ አስተማሪው ነው ብለህ ፈርም። አራታችሁ ዛሬ ቤታችሁ ታድራላችሁ።"

ቃሉ ተጽፎ አልቋል፤ የቀረው ፊርማዬ ነው። የሒሳብ አስተማሪው ከአምስታችን አንዱ ነው፤ የጻፍኩት እኔ መሆኔን እያወቀ ስሜን አላወጣም። እውነቱን ልናገር፣ እስክሪብቶውን አነሳሁ። ባለቤቴን አሰብኳት። አራት ሰው ከአንድ ይበልጣል ብዬ አሰብኩ። ወዲያው የወንዙ አፋፍ ሽማግሎችም እንዲሁ አስበው እንደነበር ትዝ አለኝ። አንገቴን ስደፋ፣ ከወንበሩ እግር ሥር ሲሚንቶው እርጥብ ነው። የእጄን መዳፍ የማታህል።

የሒሳብ አስተማሪውን ስም ሰረዝኩና የራሴን ጻፍኩ።

"የምሰጥህ ሰው የለኝም" አልኩት። "የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"ቲቸር ተው እንጂ! በገዛ እጅህ?"

"በገዛ እጄ።"

ስመለስ ሽማግሌው ቆመው ይጠብቁኝ ነበር። "ሰጠህ?" አሉኝ።

"አልሰጠሁም። ሄድኩ።"

ጥጉ ጋ ሄደው ቁራሿን አነሱና ዘረጉልኝ። ደረቅ ናት። "ብላ። ልጁ ዛሬ እዚህ አልመጣም" አሉ። የት ሄዶ እንደነበር አውቃለሁ፤ አልነገርኳቸውም። ቁጭ ብዬ በላሁ።

አራቱ በማግስቱ ተፈቱ፤ እኔ አሥራ አንድ ወር ቆየሁ። ሽማግሌውን ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷቸው፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያቸውን አልሰማሁም። ዛሬም እሁድ እሁድ አስተምራለሁ። ልጁን ሰጠ የሚለው ጋ ስደርስ "ሄደ" እላለሁ፤ ልጆቹም ሄደ ይላሉ። ፍቅሩ ይሄ ነው ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ ግን አላውቅም። ምሳ ሲቀርብ አንዲት ቁራሽ ጥጉ ጋ አስቀምጣለሁ፤ ባለቤቴ መጠየቅ ትታለች። እስካሁን ደርቃ ነው የማገኛት። እኔም ከማዕድ በተነሳሁ ቁጥር ዞር ብዬ አያታለሁ።