ባለቁልፏ የጮኸች ቀን

ሁለት ሰፈር የሚቀዳበት የውሃ ቦኖ ቁልፍ ለእሷ የተሰጣት በጉብዝናዋ አይደለም። የላይ ሰፈር ልጅ፣ የታች ሰፈር ሚስት ናት፤ ስለዚህ ሁለቱም ወገን እኩል ይጠረጥራታል። ሽማግሌዎቹም ሁሉም የሚጠረጥራት ሴት ለማንም ማዳላት አትችልም ብለው ፈረዱ። ከእሷ በፊት ሁለቱ ሰፈሮች በወረፋ ሰበብ ዱላ ተማዘው አንድ ሰው ዓይኑን አጥቷል። ከዚያ ወዲህ ቦኖው አካባቢ ሰላምታ እንኳ ሲበረታ ሰው ይደነግጣል።

ደንቧ አጭር ነው፤ ሰው ከጮኸ ቧንቧው ይዘጋል። ማን ጀመረ፣ ማን ማንን ሰደበ ብላ አትጠይቅም። ቁልፉን ደረቷ ውስጥ ትከትና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ትቀመጣለች። የጮኸው ሰው ንዴቱ በርዶለት «በቃኝ» እስኪል ድረስ ጠብታ የለም። ውሃው የሚመጣው አልፎ አልፎ፣ ያውም እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው፤ መስመሩ ወደ ሌላ አካባቢ ከዞረ ለቅሶም አይመልሰውም። ስለዚህ ጯሂውን ጎትተው ዝም የሚያሰኙት የገዛ ሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ብልጠቷ እዚህ ላይ ነበር። የራሷን ጀሪካን ደግሞ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ትቀዳለች፤ ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ እንዳትባል።

የጮኸችበት ቀን ልጇ በወለደች በማግስቱ ነው። ቤት ውስጥ ከአንድ ማንቆርቆሪያ በቀር ውሃ የለም፤ የአራሷ ልብስና የሕፃኗ ጨርቅ ሳፋ ሙሉ ተከምሮ ይጠብቃታል። ቧንቧው ደግሞ፣ ሲፈርድባት፣ እንደ ክር ቀጥኖ ነው የሚወርደው። እጇ ቁልፉ ላይ ነበር፤ ዓይኗ ግን ከወረፋው ጅራት ከቆመው ጀሪካኗ አልነቀል አለ።

ግንበኛው ታላቅ ወንድሟ ከላይ ሰፈር መጣ። የታች ሰፈሯ ሻይ ሻጭ ተራዋ ደርሶ ጀሪካኗን ልታስጠጋ ስትል የራሱን ከፊቷ ደቀነ።

«ምነው ጋሼ? ተራው የኔ ነው እኮ።»

«ለኔ መሰለሽ? ለአራሷ ነው። የእህቴ ልጅ ውሃ አጥታ ተኝታ ወረፋ ልጠብቅ?»

«በልጅ አመካኝቶ ይበላል አንጉቶ» አለች ሻይ ሻጯ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ። የታች ሰፈር ሰዎች ሳቁ።

ሰውዬው መሳቅ ሲገባው ጀሪካኗን በእግሩ ገፋው። ጀሪካኑ ሲንከባለል ከታች ሰፈር ሁለት ጎረምሶች ተነሱ፤ ከላይ ሰፈርም እንዲሁ።

«አንሳ!» ብላ ጮኸች ባለቁልፏ። «አንሳ ብዬሃለሁ! ከፊቴ ጥፋ!»

ታላቅ ወንድሟን ነው። አባታቸው ከሞተ ወዲህ ግንብ እየገነባ፣ እጁ በሲሚንቶ እየተበላ ያሳደጋት እሱ ነው። የራሱን ጀሪካን አነሳና ማንንም ሳያይ ሄደ። የተነሱትም አንድ በአንድ ተቀመጡ።

ሻይ ሻጯ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እትዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና... ዛሬ የጮኹት እርስዎ ነዎት።»

ማንም አልሳቀም። ባለቁልፏ ቧንቧውን ዘግታ ባልዲው ላይ ተቀመጠች። የሌላው ሰው ንዴት ሲበርድ ከፊቱ ታውቃለች፤ የራሷ ግን አልበርድ አላት። «በቃኝ» ልትል አፏን በከፈተች ቁጥር የወንድሟ ጀርባ ይመጣባታል። በውሸት «በቃኝ» ብላ ብትነሳ ማን ያውቅባት ነበር? አላደረገችውም። ሰዉም ደንብ ነው ብሎ ጠበቃት። በመጨረሻ ተነስታ ስትከፍተው ቧንቧው ሁለቴ አስነጠሰና ነፋስ ተፋ። መስመሩ ዞሯል።

ያልደረሳቸው ሁሉ፣ እሷም ጭምር፣ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥለው ገቡ።

ሲመሻሽ በር ተንኳኳ። ሻይ ሻጯ ግማሽ ጀሪካን ውሃ ይዛ ቆማለች።

«ለነገ ሻይ ያስቀመጥኩት ነው። አንድ ቀን ባልሸጥ አልሞትም።»

«እንዴት አድርጌ ልቀበልሽ? በኔ ምክንያት ባዶሽን ገብተሽ!»

«የቦኖው ነገር ቦኖው ጋ ቀረ እትዬ። እኔ አራስ ልጠይቅ ነው የመጣሁት፤ ባዶ እጄን ልምጣ እንዴ?»

ሕፃኗ ታጠበች። ባለቁልፏ እያጠበቻት አለቀሰች፤ አራሷ የደስታ እንባ መስሏት እሷም አብራ አለቀሰች። ባለቁልፏ ግን በሩ ሲንኳኳ ወንድሟ መስሏት ነበር የተነሳችው።

ቦኖው እስከ ዛሬ ሰላም ነው። ሽማግሌዎቹ «ለወንድሟ እንኳ ያላዳላች» እያሉ ያወድሷታል፤ ምስጋና ገንዘብ አያስከፍልም። ወንድሟ ግን ጀሪካኑን የሚልከው በሚስቱ ነው። ባለቁልፏ ትሞላላታለች፣ ታሸክማታለች፣ «ይቅር በለኝ ብላሃለች በይልኝ» ትላታለች። ውሃ በመጣ ቁጥር፣ ሚስቲቱ ከዳገቱ ብቅ ስትል፣ መልስ ይዛ እንደሆነ ብላ ፊቷን ታያለች። ሴትዮዋ ጀሪካኗን ታስቀምጥና ወረፋዋን ትይዛለች።