የዚያ ቀን ዜሮ

አማካሪዬ ዜሮዎቹን አውጣቸው ሲለኝ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አላነሳም። "መስመርህን የሚያበላሹት እነሱ ናቸው።"

የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፌ ስለ ሸዋ ሮቢት ዝናብ ነበር። ሥራው መልቲፍራክታል የሚባል ትንተና ነው፤ ስሙ ያስፈራል እንጂ ጥያቄው ቀላል ነው። ዝናቡን በቀን፣ በሳምንት፣ በወር እየጠቀለልክ ስታየው ጠባዩ በአንድ ሕግ ይሄዳል ወይ? ከሄደ ነጥቦቹ ሎጋሪዝም ግራፍ ላይ ቀጥ ብለው ይሰለፋሉ። የኛ ቆላ ግን አብዛኛው ቀኑ ዝናብ የለውም፣ ዜሮ ነው። በወር ሲጠቀለል ዜሮው በዝናቡ ይዋጣል፤ በቀን ሲታይ አፍጥጦ ይወጣል፣ ሎጋሪዝምም የለውም። እዚያ ጋ መስመሩ ይሰበራል።

ከዜሮዎቹ አንዱን አውቀዋለሁ። በልግ ነው፣ ሮቢት ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ዝናቡ የወረደው ከላይ ከደጋው፣ ጣርማ በር ላይ ነው። ወንድሜ ሽንኩርት የሚያጠጣበትን የውሃ ሞተር ከወንዙ አሸዋ ላይ ሊያወጣ ሲታገል ደራሽ ውሃ ወሰደው። የከተማው የዝናብ መለኪያ ዜሮ አለ። አልዋሸም።

ይህን ለአማካሪዬ ነገርኩት።

"ወንድምህን የገደለው ጎርፍ ነው፤ አንተ የምታጠናው ዝናብ ነው" አለኝ።

ልክ ነበር፤ የጠላሁትም ለዚያ ነው። እልህ ያዘኝና አንድም ዜሮ አላወጣም አልኩ። ጽሑፌ ተመለሰ፣ ምረቃው አለፈኝ። ጓደኞቼ ጋዋን ለብሰው ፎቶ ሲነሱ እኔ የተሰበረ መስመሬን ይዤ ሮቢት ገባሁ።

እናቴ ማሽላ እያበጠረች ለምን እንዳልተመረቅኩ ጠየቀችኝ። ለሱ ብዬ ነው አልኳት፤ የሞተበት ቀን ከጽሑፉ እንዳይወጣ ብዬ።

"ያን ቀን ምን ብለህ ጻፍከው?"

"ዜሮ። አልዘነበም ማለት ነው።"

ሰፌዱን አላስቀመጠችም።

"እሱን እኔ ቀብሬዋለሁ" አለች። "ባዶ ነገር ታቅፈህ ወንድሜ ነው አትበለኝ። ወላሂ፣ ከሁለታችሁ የሚረባው ነው የሄደው። ሂድና ዜሮህን አውጣው፣ ወረቀትህን ይዘህ ና። ለዚህ ቤት የሚሠራ ሰው አልቀረም።"

በማግስቱ በመጀመሪያው ሚኒባስ ተመለስኩ። ዜሮዎቹን በሙሉ መርጬ አጠፋኋቸው፣ የሱንም ጭምር። መስመሩ ቀጥ አለ።

አማካሪዬ ስልኩን አስቀምጦ ጨበጠኝ።