የአያ ሙሄ እሳት

ልጅ ሳለሁ፣ ከመርሳ ዝቅ ብሎ ባለው መንደራችን፣ ማሽላው እሸት ሲይዝ የምንጓጓው ለእሸቱ ብቻ አልነበረም። ያኔ የአባቴ ታላቅ ወንድም አያ ሙሄ በዓመት አንድ ምሽት ሰደቃ ያወጡ ነበር። ትልልቅ ዳቦ ያስደፉና የመንደሩን ልጆች በፍሙ ዙሪያ አስቀምጠው፣ ዱዓ አድርገው ያበሉናል። ዳቦው ግን እንዲሁ አይገኝም፤ መጀመሪያ የአውሮፕላኗን ታሪክ መስማት ግድ ነው።

ታሪኩን በቃላችን እናውቀዋለን። እኔ ሳልወለድ አንበጣ መጥቶ ነበር። መድኃኒት የምትረጨው ትንሽ አውሮፕላን እንድታርፍበት ከአያ ሙሄ ማሳ አጠገብ ሜዳ ተጠርጎ፣ ዳርና ዳሩ ለምልክት በርሜል ተደርድሮበታል። አንድ ቀን ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንበጣው ማሽላቸው ላይ ሊሰፍር ወረደ። ካደረ ደግሞ ጠዋት ማሳ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አያ ሙሄ በጭስ ሊያባርሩት አገዳ በሁለት ረድፍ ከምረው ለኮሱበት። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ አውሮፕላኗ መጣች፤ በርሜሎቹን ትታ፣ እሳቱ የማረፊያው ምልክት መስሏት፣ በሁለቱ እሳት መካከል ወረደች፤ ጎማዋ የመስኖ ቦይ ውስጥ ገብቶ በአፍንጫዋ ተደፋች። አብራሪውን ጎትተው ያወጡት እሳቸው ነበሩ። ነፍሱ ተረፈች፤ እግሩ ግን ተሰበረ። አያ ሙሄ ፍሙን በእንጨት እየቆሰቆሱ «በእኔ እሳት ነው» ይሉና ዳቦውን ይቆርሳሉ።

አንድ ዓመት፣ ሰደቃው ሳምንት ሲቀረው፣ አብራሪው ራሱ መጣ። ወደ ወልድያ ሲያልፍ መርሳ ላይ ፍራፍሬ ሊገዛ ወርዶ፣ ቦታውን ላየው ብሎ ጠይቆ ነው ያገኘን። ያነክሳል። ወሬው ደርሶን ልጆች ሁሉ ተሰበሰብን። አያ ሙሄ ከመቀመጫቸው ተነሥተው አንገታቸውን ደፉ።

«አፉ በሉኝ» አሉት፤ «ያን እሳት ያነደድሁት እኔ ነኝ።»

ሰውዬው ግራ ተጋብቶ አያቸው። «የምን እሳት? እኔ እሳት አላየሁም። ሲመሽ መሬቱ ሁሉ አንድ ሆነብኝና ማሽላው ሜዳ መስሎኝ ነው የወረድኩት።»

ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ዕቃ እንደጠፋበት ሰው ዓይናቸው መሬት መሬቱን ይፈልግ ጀመር። ማታ ቤታችን ውስጥ ክርክር ተነሣ። አባቴ ሰውዬው እውነቱን ነው፣ በመሸ ሰዓት ከላይ ምን ይታያል አለ። እናቴ ደግሞ ሁለት ረድፍ እሳት ያልታየው ምን አብራሪ ነው፣ ሽማግሌውን ከሸክማቸው ሊያሳርፍ ብሎ ነው እንጂ አለች። ሁለቱም ልክ መሰሉኝ። እኔን የጨነቀኝ ግን፣ ዛሬም ስናገረው አፍራለሁ፣ ጥፋቱ ከቀረ ዳቦውም ሊቀር ነው የሚለው ነበር።

አልቀረም። በሳምንቱ ፍሙ ተጫረ፣ ዳቦው ቀረበ፣ ታሪኩም ሁለት ረድፍ እሳቱን ይዞ አንድ ቃል ሳይጎድለው ተነገረ። ድርሻዬን ሲያቀብሉኝ አላስቻለኝም፤ ሰውዬው እሳት አላየሁም አላለም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«እሱ ባያየውስ፣ ያነደድሁት እኔ አይደለሁ? በይ ብይ» አሉኝ።

በላሁ፤ አልገባኝም። ዳቦው በዚያ ማታ ከበደኝ።

አያ ሙሄ ካለፉ ቆይተዋል። አሁን የምኖረው ወልድያ ነው፤ ማሽላው እሸት ሲይዝ ዳቦውን የምደፋው እኔ ነኝ፤ ለምን እንደሆነ ለባሌ እንኳ በቅጡ አስረድቼው አላውቅም። ልጆቼ ከብበውኝ ለማን ነው ሲሉኝ ታሪኩን እጀምርላቸዋለሁ፤ አንበጣውን፣ በርሜሎቹን፣ የመሸውን ሰማይ እነግራቸዋለሁ። እሳቱ ጋ ስደርስ አብራሪው አየው ወይስ አላየውም ብለው ይጠይቁኛል። አላውቅም እላቸውና ዳቦውን እቆርሳለሁ።