እጇን አጣጥፋ የወደቀችው በላይነሽ

በላይነሽ አቃቂ በሰቃ በሚገኝ አንድ የክር ፋብሪካ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። የፋብሪካውን ስም ልተወው። የእሷ ማሽን ሰባተኛው ነበር፣ መስኮቱ የተሰነጠቀበት ጥግ። ክር ሲበጠስ በሁለት ጣቷ ይዛ አንዴ ጠምዘዝ አድርጋ ትቀጥለዋለች። እኔ ስድስተኛው ላይ ቆሜ ስንት ዓመት ሳያት፣ የተቀጠለበትን ቦታ አንድ ቀን እንኳ ለይቼ አላውቅም።

በ2008 ዓ.ም. ሥልጠና በኮምፒዩተር ሆነ ተባለ። ከዚያ በፊት ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ መጥቶ ሄዷል፤ ካይዘንም መጥቶ ወለሉ ላይ ቢጫ መስመር አስምሮ ሄዷል። ይኼኛው ግን አዋቂ ነው አሉን። የሥልጠና ኃላፊው አቶ ቀናው ሰብስበውን፣ "ከእንግዲህ ማን ተማረ፣ ማን አልተማረ ብሎ ክርክር የለም። ሲስተሙ ራሱ ያስተምራል፣ ራሱ ይቆጥራል፣ ራሱ ይወስናል" አሉ። ታዲያ ለእርስዎ ምን ሥራ ቀረልዎት ብሎ የጠየቀ የለም።

የድሮው የምግብ ቤት መጋዘን ተጠርጎ ስምንት ኮምፒዩተር ተደረደረበት። የሽንኩርቱ ሽታ ግን አልወጣም። ትምህርቱ አራት ሰዓት የሚፈጅ ቪዲዮ ነው። ረጅም ከረባት ያሰረ ሰው በሚሽከረከር ማሽን አጠገብ ቆሞ ስለ ጥንቃቄ ይናገራል፤ በመሐል በመሐሉ ያስለዋል። ትኩረቱ ከመቶ ሰባ ያልሞላ ሰው ፈተናው አይከፈትለትም። ፈተናውን ያላለፈ ደግሞ ከመስከረም ጀምሮ ማሽን አይነካም።

በላይነሽ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው። እዚያ መጀመሪያ የለመደችው፣ መምህር ሲናገር እጅ እንደማይንቀሳቀስ ነው። ስለዚህ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ፣ ሁለት እጇን ደረቷ ላይ አጣጥፋ አራት ሰዓት ሙሉ አዳመጠች። በወዲያ ጎኗ ከማሸጊያ ክፍል የመጣው አብርሽ ተቀምጧል። በአንድ እጁ ቆሎ ይቅማል፣ ዓይኑ ስልኩ ላይ ካለው ኳስ አልተነቀለም፣ በሌላው እጁ ማውሱን እንደ ሽሮ ያማስላል።

"እትዬ በላይነሽ፣ ዳበስ ዳበስ ያድርጉት እንጂ! አይነክስም።"

"ሰውየው እየተናገረ? ነውር አይደለም እንዴ?"

"ሰውየው እኮ አያይዎትም።"

"እኔ አየዋለሁ።"

ማታ ውጤቱ በር ላይ ተለጠፈ። አብርሽ ዘጠና ሰባት፣ በላይነሽ ሦስት። ያ አዋቂ የተባለው ሲስተም ማውሱ ሁለት ደቂቃ ካልተነካ "ሠልጣኙ የለም" ብሎ ይመዘግባል። ሦስቷም የተገኘችው ዝንብ ስታባርር ማውሱን በክርኗ ገጭታው መሆን አለበት። እኔ ሰባ ሁለት አገኘሁ፤ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ።

ከዚያ ስልኳ ላይ መልእክት ይመጣባት ጀመር። "ውድ ሠልጣኝ፣ ሥልጠናውን በትኩረት አልተከታተሉም።" በሳምንት ሦስቴ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ። እሷ ሰው የጻፈላት መስሏት በልጇ አስጽፋ መለሰች፦ "ጤና ይስጥልኝ። በጥሞና ተከታትያለሁ። ቤተሰብ ደህና ነው?" መልሱ ያው የመጀመሪያው መልእክት ሆነ። "ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ሰላምታ እንኳ የማይመልስ!" ብላ ተቀየመች።

ደግማ እንድትቀመጥ ተፈቀደላት። በትኩረት ስለተባለች በዚህኛው ጊዜ ዝንቡንም አላባረረችም። ዜሮ አገኘች።

"ነካ ነካ አድርጊው በቃ፤ ምን ይጎዳሻል?" አልኳት።

"ሳልሰማ ሰማሁ ያለ ዘጠና ሰባት ካገኘ፣ እኔ ሰምቼ ዜሮዬን ልያዝ" አለችኝ።

አቶ ቀናው ቢሮ አብሬያት ሄድኩ። ቆማ ትምህርቱን ከመጀመሪያው ጀምራ በቃሏ ወጣችው፤ ሰውየው የሚያስልበት ቦታ ስትደርስ እንኳ ትንሽ ቆም ትላለች። አቶ ቀናው ዓይናቸውን ከኮምፒዩተራቸው ሳያነሱ አዳመጡ።

"እትዬ በላይነሽ፣ ማወቅዎን እኔም አልካድኩም። ዳታው ግን አላወቀዎትም።"

መስከረም ሁለት ቀን መጥረጊያ ተሰጣት። ወለል ላይ የሚወድቀውን የጥጥ ብናኝ ትጠርጋለች። ሰባተኛውን ማሽን አብርሽ ተረከበ፣ የምስክር ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ለጥፎ። ክሩ ተበጠሰ፤ ቀጠለው፤ ተበጠሰ። እሷ እግሩ ሥር ስትጠርግ ቀና ብላ ታያለች፣ መልሳ ትጠርጋለች። በዘጠነኛው ቀን ገዢው አንድ መኪና ሙሉ ክር መለሰ፤ በየክንዱ ቋጠሮ ነበረበት።

አቶ ቀናው እየሮጡ መጡ። "እባክዎ እትዬ በላይነሽ፣ ለዚህ ልጅ እስቲ ትንሽ ያሳዩት።"

በላይነሽ መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እጇን ደረቷ ላይ አጣጠፈች።

"እኔ ያልሠለጠንኩ ነኝ፣ ጌታዬ። ያልሠለጠነ ማሽን አይነካም ብለዋል።"

"እሱ እኮ ለሥርዓቱ ነው..."

"እኔም ሥርዓት እያከበርኩ ነው።"

አብርሽ እንኳ አንገቱን ደፋ። ማሽኑ ቆሟል። አቶ ቀናው ሲስተሙን ዝም ብለው እንዳያልፉት የይለፍ ቃሉ ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ነው፤ ሲስተሙ ደግሞ ራሱ ይወስናል ያሉት ራሳቸው ናቸው።

በማግስቱ በላይነሽ ለሦስተኛ ጊዜ መጋዘኑ ውስጥ ተቀመጠች፣ እጇን እንዳጣጠፈች። አጠገቧ ወንበር ስበው አቶ ቀናው ተቀመጡና ማውሱን ያዙ። አራት ሰዓት ሙሉ ሲያማስሉ ዋሉ። ስልካቸው ሲጠራ በግራ እጃቸው ያነሳሉ፣ ቀኙ አያርፍም። ሠራተኛው በየተራ ሽንት ቤት ልሄድ እያለ በበሩ እያለፈ ያያቸዋል። ዘጠና አንድ አገኙ። ፈተናው ተከፈተ፤ እሷ መልሱን ስትናገር እሳቸው እየነኩላት፣ ከሃያው ጥያቄ አንዱንም አልሳተችም።

ከሰዓት በኋላ ሰባተኛው ላይ ቆማ ክር ስትቀጥል ስልኳ ጮኸ። "እንኳን ደስ አለዎት! ትኩረትዎ የሚያስመሰግን ነው።"

"ምን ብዬ ልመልስለት?" አለችኝ።

"ሰላምታ አይመልስም ብለሽ የለ?"

"ቢሆንስ፤ የሰው ድካም መካድ አይገባም" አለችና በዝግታ፣ ፊደሉን እየፈለገች ጻፈች፦ "የተመሰገነው የአቶ ቀናው እጅ ነው። ትከሻቸውን አሟቸዋል።"